ከአርባ አንድ ወደ ሰማንያ ሰባት

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ክረምት ዳንግላ ከተማ ውስጥ ነው። መምህሮቼ የጽሕፈቴን ንጽሕና ባመሰገኑ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቴ ይቀላል። ለአንባቢዎች ብነግረው ይቀለኛል ብዬ ጻፍሁት።

እኔ የጤና ረዳትነት ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን የተቀበላቸውን አዲስ ተማሪዎች፣ ክፍል ከመጀመራቸው በፊት ክረምቱን በየትውልድ አካባቢያቸው ሥራ እንዲያዩ ይልካል። እኔ እንጅባራ አጠገብ ስለተወለድሁና አገውኛም አማርኛም ስለምናገር ዳንግላ ወደሚገኝ ክሊኒክ ተላክሁ።

የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ጫኔ የሚባሉ አሮጌ ድሬሰር ነበሩ። አቶ ጫኔ መርፌ ሲወጉ ሕመምተኛው መቼ እንደተወጋ አያውቅም። ወረቀት ሲሞሉ ግን የሚያማቸው እሳቸውን ነው። ስለዚህ ገና በገባሁ በመጀመሪያው ቀን መዝገቡን፣ ካርዶቹንና የቀለም ብልቃጦቹን ሰብስበው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። እኔ ምንም ሳልሰጣቸው ነው።

በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የበሽታዎች ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። እያንዳንዱ በሽታ ቁጥር አለው። በሕመምተኛው ካርድ ላይ የሚጻፈው ቁጥሩ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ለበላይ መሥሪያ ቤት የሚላከውም ቁጥሩ ነው። የሚጥል በሽታ ቁጥሩ አርባ አንድ ነበር።

ማክሰኞ የነርቭ ሕመምተኞች ቀን ነው። ራሱን የሚፈልጠው፣ ፊቱ የተጣመመበት፣ አንድ ጎኑ አልታዘዝ ያለው፣ የሚጥለውም ሁሉ የሚመጣው በዚያን ቀን ነው። ታዲያ በረንዳው ሙሉ ሰው እየሰማ «የሚጥላችሁ ግቡ» ተብሎ ቢጠራ ማንም ከመቀመጫው አይነሣም። የሚዳር ልጅ ያለው አለ፤ ገና ሚስት የሚፈልግ አለ። አቶ ጫኔ ይህን ስለሚያውቁ በር ላይ ቆመው «አርባ አንዶች ግቡ» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ቀና ብለው ይገባሉ። አርባ አንድ ምን እንደሆነ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ቢሆንም ቁጥር ስለሆነ ማንንም አያሳፍርም።

አርባ አንድ ሌላም ጥቅም ነበረው። ባገራችን ሰው ወድቆ ሲንቀጠቀጥ፣ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫው ሥር መያዝ የቆየ ልማድ ነው። በዚህ ምክንያት ከበሽታው ይልቅ በቃጠሎ የተጎዳ ብዙ ሰው አለ። አቶ ጫኔ በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር «አርባ አንድን በጎኑ ማስተኛት ነው፤ አርባ አንድ ላይ ክብሪት አይጫርም» እያሉ ዓመታት ለፍተዋል። በመጨረሻ ሕዝቡ ተቀበላቸው። እኔ በደረስሁበት ጊዜ አንድ ሰው ገበያ መካከል ቢወድቅ፣ በርበሬ ሻጯ እንኳ «አርባ አንድ ነው፣ በጎኑ አድርጉት» ብላ ወደ ሚዛኗ ትመለስ ነበር።

ከአርባ አንዶች ሁሉ የታወቁት ጋሪ ነጂው አቶ ፈንታ ነበሩ። ቀድሞ ልጓም እንደያዙ ስለሚወድቁ ጋሪ መንዳት ተከልክለው ነበር። ክኒን ከጀመሩ ወዲህ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስላልወደቁ ወደ ጋሪያቸው ተመለሱ። በመንገድ ያገኙትን ሕመምተኛ ሁሉ ጭነው ክሊኒክ ያደርሳሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሁሉ ቀድመው መጥተው የሳምንት ክኒናቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይሄዳሉ።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። ውስጡ አዲስ የበሽታዎች ዝርዝር ነበር። የቀድሞው ተሰርዟል ይላል። የነርቭ በሽታዎች ለብቻቸው ምዕራፍ ተሰጥቷቸዋል። የሚጥል በሽታ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ወድቆ የሚንቀጠቀጥ ሰማንያ ሰባት፣ ሳይወድቅ የሚፈዝ ሰማንያ ስምንት፣ በሌላ ስፍራ ያልተጠቀሰ ሰማንያ ዘጠኝ። አርባ አንድ ቁጥር ባዶ እንዳይቀር ለእከክ ተሰጥቷል።

ለአቶ ጫኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። በትዕግሥት ሰምተው «ክኒኑስ ተለውጧል?» ብለው ጠየቁኝ። ገጾቹን አገላብጬ አልተለወጠም አልኋቸው። እንግዲያው ዝርዝሩን ሣጥን ውስጥ እንዳስቀምጠው፣ ለወርኃዊው ሪፖርት ብቻ እንዳወጣው ነገሩኝ።

እኔ ግን ማስቀመጥ አልቻልሁም። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ይህን የማይፈጽም ኃላፊ በጥብቅ ይጠየቃል» ይል ነበር። እኔ ኃላፊ አልነበርሁም። ቢሆንም ጠበቅ ያለ ቃል ሳነብ ሁልጊዜ እኔን የሚመለከት ይመስለኛል። ከዚያም በላይ የክረምቱ ሥራዬ ተመዝኖ መግለጫ ለትምህርት ቤቴ እንደሚላክ ስለማውቅ፣ ትጋቴ እንዲታይልኝ እፈልግ ነበር። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ምሳዬን እየተውሁ፣ የሁሉንም ካርድ አሮጌ ቁጥር ሰርዤ አዲሱን በቀይ ቀለም ጻፍሁ። ለቀዩ ቀለም የመረጥሁት ጥሩ ብዕር ነበር።

ሥራውን በጨረስሁ ማግስት ማስተካከያ ደብዳቤ መጣ። ሰማንያ ስምንትና ሰማንያ ዘጠኝ ቦታ ተለዋውጠዋል ይላል። ለዋወጥኋቸው። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ማስተካከያው የተላከው በስሕተት ስለሆነ እንዳልተላከ ይቆጠር የሚል መጣ። መለስኋቸው። ሰማንያ ሰባት ስላልተነካ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አቶ ጫኔ ቁስል እያጠቡ ስለነበር፣ በሩ ላይ ቆሜ የጠራሁት እኔ ነበርሁ። «ሰማንያ ሰባቶች ግቡ» አልሁ። የተነሣ የለም። ደግሜ ጠራሁ። ሰዎቹ ዘወር ዘወር ብለው ማን ይሆን እያሉ ይተያያሉ። በመጨረሻ በእጄ ለአቶ ፈንታ ምልክት ሰጠኋቸው።

«እኔ አርባ አንድ ነኝ» አሉኝ።

«ጋሼ ፈንታ፣ አርባ አንድ ቀርቷል» አልኋቸው። «አሁን ሰማንያ ሰባት ሆነዋል። ይኸው በቀይ ጽፌዋለሁ።»

ካርዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። አቶ ፈንታ ፊደል አልቆጠሩም። «በቀይ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ክኒናቸውን ተቀብለው፣ እንደ ልማዳቸው ሳይቀልዱ ወጡ። እኔ ጽሕፈቴን ያደነቁ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት እንቅርት ያለባቸው አንዲት ሴት መጡ። የእሳቸው ከሃምሳ ሁለት ወደ ዘጠኝ መለወጡን ስነግራቸው እልል አሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ዶሮ ወጥ ይዘውልኝ መጡ። የደስታቸውን ምክንያት ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ወጡን በላሁ። እንቅርቱ እንደነበረ ነው።

በቀጣዩ ማክሰኞ ከሰማንያ ሰባቶች ሦስት ብቻ መጡ። አቶ ፈንታም አልመጡም። ይህን በጥንቃቄ መዘገብሁ። በወሩ ሪፖርት የአስተያየት ቦታ ላይም «አዲሱ ዝርዝር በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የሕመምተኞች ቁጥር ቀንሷል» ብዬ ጻፍሁ። አቶ ጫኔ ሳያነቡ ፈረሙልኝ። እሳቸው ሲፈርሙ የማያነቡት ስለሚያምኑኝ ነበር።

በሦስተኛው ማክሰኞ የአቶ ፈንታ ጋሪ ሁለት ሕመምተኞች ጭኖ ግቢው ውስጥ ቆመ። ልጓሙን የያዙት ግን ሚስታቸው እትዬ ውብነሽ ነበሩ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኗል። ወጥቼ ጋሼ ፈንታ የት እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«የት ይሆናል፣ ሰማንያ ሰባት አድርጋችሁ ከሰደዳችሁት ወዲያ?» አሉኝ።

ቀጥለው የነገሩኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ሰውየው ያን ቀን ቤት ገብተው መደብ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ከደጅ አልወጡም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ክኒን ውጠው፣ በሽታው ከአርባ አንድ ሰማንያ ሰባት ገባ። እጥፍ ሆኖ ከዚያም አለፈ። እንግዲህ በሽታውን የሚያሳድገው ክኒኑ ራሱ ነው ብለው፣ የቀረውን ከአጥር ውጭ ቆፍረው ቀበሩት። ፈረሱን ለወንድማቸው ተናዘዙለት። ሌሎቹም አርባ አንዶች ይህን ሰምተው ክኒናቸውን አቁመዋል።

«መቶ ሲሞላ ነው አይደል የሚሞተው?» አሉኝ እትዬ ውብነሽ። ሲጠይቁኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ይህን ለመጠየቅ ነበር የመጡት።

አቶ ጫኔ በር ላይ ቆመው ሰምተው ኖሯል። እንደዚያን ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም፤ ግን አልጮኹም። ይህ ክኒን በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ እንደሚመለስ፣ ሰው እሳት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ ሊወድቅ እንደሚችል ነገሩኝ። ክኒንና ካርድ ይዤ አሁኑኑ እንድሄድ አዘዙኝ። «እኔ በረንዳ ሙሉ ሰው አለብኝ» አሉ። «ደግሞም የጻፍኸው አንተ ነህ።»

በእትዬ ውብነሽ ጋሪ በአዲስ ቅዳም መንገድ ወጣን። ዝናቡ ያካፋል። በመንገድ ላይ ምን እንደምል በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ በመግቢያ፣ በሐተታና በመደምደሚያ ከፍዬ ነው ያዘጋጀሁት።

አቶ ፈንታ ምድጃው አጠገብ መደብ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ብድግ ብለው ተቀበሉኝ፤ ቅያሜም አላሳዩኝ። እኔም ጀመርሁ። ቁጥሩ የበሽታው መጠን ሳይሆን ስሙ መሆኑን፣ ስሙ ብቻ እንደተለወጠ አስረዳኋቸው።

«ስም ከሆነ ለምን ለወጣችሁት?» አሉኝ።

ከበላይ ታዝዞ ነው አልኋቸው።

«የበላዮቹ እኔን አይተውኛል?»

«አላዩዎትም፣ ጋሼ።»

«ሳያዩኝ እዚህ ካደረሱኝ፣ ቢያዩኝ የት ሊያደርሱኝ ነው?»

ሐተታው እዚህ ላይ ተበላሸብኝ። ቁጥሩ ለሪፖርት ብቻ እንጂ ለእሳቸው ምንም ትርጉም እንደሌለው ነገርኋቸው። አቶ ፈንታ «ትርጉም ከሌለው ለምን በቀይ ጻፍኸው?» ብለው ጠየቁኝ።

በሰማያዊ ልጽፈው እችል ነበር። ቀዩን የመረጥሁት እንዲያምር ነው።

እንዲቀመጡ ስጠብቅ እንደቆሙ ዓይናቸው ወደ ላይ ተገለበጠ። ከዚያ እንደ ግንድ ወደቁ። ራሳቸው ከምድጃው ጠርዝ አንድ ስንዝር እንኳ አልራቀም። እትዬ ውብነሽ በብብታቸው ይዘው ወደ ኋላ ጎተቷቸው፤ እኔም እግራቸውን ያዝሁ። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ቤቱን ሞሉት። አንድ ጎልማሳ ጎረቤታቸው ከፊት ገብቶ ከኪሱ ክብሪት አወጣ።

«ክብሪቱን መልስ» አሉ እትዬ ውብነሽ። «አርባ አንድ መሆኑን አታውቅም?»

«እሱማ ድሮ ነው፣ እትዬ» አለ ሰውየው። «አሁን ሰማንያ ሰባት አይደል? ለሰማንያ ሰባት ምን እንደሚደረግ አልተነገረንም።» ይህን ብሎ ክብሪቱን ጫረና ወደ እኔ ዞረ። በክፋት አልነበረም። እኔ ከመንግሥት የመጣሁ ስለሆንሁ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው።

የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር። ዋናውን ደብዳቤ፣ ማስተካከያውንና የማስተካከያውን ማስተካከያ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። በአንዳቸውም ውስጥ ሰማንያ ሰባት ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የሚል ቃል አልነበረም። ይህን ልብ ያልሁት ገና ያን ጊዜ ነው። ክብሪቱ እየነደደ ወደ ሰውየው ጣት ደርሷል።

«አርባ አንድ ናቸው» አልሁ። «የተሳሳትሁ እኔ ነኝ። አርባ አንድ ናቸው።»

ሰውየው ክብሪቱን እፍ ብሎ አጠፋ። «እንዲያ በለና» ብሎ ተንበረከከ፤ አቶ ፈንታን በጎናቸው አስተኝቶ ጋቢውን አጣጥፎ ከራሳቸው ሥር አደረገ። አፋቸውንም ጠረገላቸው። እኔ ከማደርገው ይልቅ በጣም አሳምሮ ነው ያደረገው።

አቶ ፈንታ ሲነቁ ደክመው ነበር። ውኃ እስኪሰጣቸው ድረስ ጠብቄ፣ ካርዱን አወጣሁና በፊታቸው ሰማንያ ሰባትን ሰርዤ አርባ አንድ ብዬ በሰማያዊ ጻፍሁ። ቀዩ ከሥር ይታያል አሉኝ። ምላጭ አስመጣሁና ፈቀፈቅሁት። ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። ካርዱን ወደ በሩ ብርሃን አድርገው አዩት፤ ለጎረቤታቸውም አሳዩት። ጎረቤታቸው ፊደል የቆጠረ ስለሆነ «አርባ አንድ ይላል» ብሎ መሰከረ። ከዚህ በኋላ ነው ክኒኑን የዋጡት።

«ከሰማንያ ሰባት ወደ አርባ አንድ ባንድ ቀን» አሉ ለሚስታቸው። «ይህ ልጅ መድኃኒት ያውቃል።»

በማግሥቱ የሁሉንም አርባ አንዶች ካርድ በምላጭ እየፈቀፈቅሁ መለስሁ። አቶ ጫኔ ስፈቀፍቅ አይተው ሁለተኛ ምላጭ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡ። አዲሶቹን ቁጥሮች በአንድ ደብተር ለብቻ ያዝኋቸው። በሚቀጥለው ማክሰኞ አርባ አንዶች በሙሉ መጡ። ከእነሱ ጋር ግን ሌላም ሰው ብዙ መጣ፤ ቁጥር የሚያወርድ ተማሪ አለ ተብሎ ተወርቷል። አንድ ራሳቸውን የሚፈልጣቸው ሽማግሌ ካርዳቸውን ዘርግተው «ሃያ ብታደርገኝ ምን ይጎድልብሃል?» አሉኝ። ራስ ምታት በአሮጌውም በአዲሱም ሰባ ሦስት እንደሆነ ባስረዳቸው፣ ዘመድ ያለው ብቻ ነው የሚወርድለት ብለው ተቀይመው ሄዱ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተቆጣጣሪ በላንድሮቨር መጡ። ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው ከመኪናው እስከ በሩ ሳንቃ ተዘረጋላቸው። ካርዶቹን አንድ ባንድ ካዩ በኋላ ይህ ሁሉ አርባ አንድ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አርባ አንድ እከክ ነው፤ ለእከክ የሚጥል በሽታ ክኒን የሚሰጥ ክሊኒክ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ደብተሬን ላሳያቸው ብሞክር፣ ደብተር በመመሪያው ላይ የለም አሉኝ።

አቶ ጫኔ «ሲያኩ አይቻቸው አላውቅም፣ ጌታዬ» አሉ።

ተቆጣጣሪው ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ የእኔን መግለጫ ሞልተው በታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። ትምህርት ቤቱ ከፍቶ ሲያነበው ሰማሁ። «ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይጎድለዋል» ይላል። በሕይወቴ ጥንቃቄ ይጎድለዋል ስባል የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ሳስበው፣ በዚያ መግለጫ ቅር ባይለኝ እወድድ ነበር። እውነቱን ለመናገር አሁንም ትንሽ ቅር ይለኛል። ግን ያ ሰውዬ ክብሪት እንደያዘ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ሳስታውስ፣ ቅሬታው ይጠፋና ሌላ ስሜት ይመጣብኛል፤ እፍረትም ምስጋናም ያለበት ነው። ዘንድሮ መምህራችን አዲስ ዝርዝር ሰጥተውናል። እንደ ጠባዬ በቃሌ ይዤዋለሁ። ቀይ ቀለም ግን አልገዛሁም።

ባለፈው ሳምንት ከአቶ ጫኔ ደብዳቤ ደረሰኝ። በእርሳስ የተጻፈ ነው። ከበላይ መሥሪያ ቤት ለእከክ ሁለት ሣጥን ቅባት እንደተላከላቸው፣ የታከመውም የአቶ ፈንታ ፈረስ ብቻ እንደሆነ፣ ፈረሱም ደኅና መሆኑን ይነግሩኛል። አቶ ፈንታ እስካሁን አልወደቁም፤ ጋሪውንም የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። እኔ ቀደም ብዬ የመጀመሪያውን ፈተና ውጤቴን በደስታ ጽፌላቸው ስለነበር፣ መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላሉ፦

«ሰማንያ ሰባት ማምጣትህን ለፈንታ ነገርሁት። ክፉኛ አዘነልህ። አይዞህ በሉት፣ እኔንም እንዲህ ብለውኝ ነበር፣ ይወርድልሃል ብሏል።»